ደንቆሮ ማነው?

ቋንቋችን አማርኛ በቃላት ብዛትና በምሥጢር ጥልቀት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ቃል አስሮ ለልጅ ልጅ ያስተላልፋል። ከነዚህም አንዱ «ደንቆሮ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል በአንድ ወገን ጆሮው የማይሰማውን ሰው ሲያመለክት፥ በሌላው ወገን ደግሞ ዕውቀት የሌለውን፥ ምክር የማይገባውን፥ ከትምህርት የራቀውን ሰው ያመለክታል። «ድንቁርና» ብለን ስንጽፍም ስለ ጆሮ መናገራችን አይደለም፤ ስለ አለማወቅ ነው። ስለ ትምህርት መስፋፋት በተጻፉት ጽሑፎችና በተደረጉት ንግግሮች ድንቁርና ጨለማ፥ ዕውቀት ብርሃን እየተባለ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ይህን የተናገሩት ሰዎች ቅን አሳብ እንደ ነበራቸው አያጠራጥርም። ዳሩ ግን ቃሉ በተነገረ ቁጥር ጆሮው የማይሰማው ሰው ምንም ሳይጠየቅና ፍርዱንም ሳይሰማ ተፈርዶበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ጥያቄዎችን ማንሣት ነው። አንደኛው፥ የማይሰማ ሰው ሁሉ የማያውቅ ሰው ነውን? የሚለው ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ይኸውም፥ መስማት አለመቻል ከሚያስከትለው ጉዳት ጋራ ይዞት የሚመጣ በጎ ነገር አለውን? ካለስ ያ በጎ ነገር በምን ሁኔታ ይገኛል? የሚለው ነው። ጉዳቱን ለመካድ አልተነሣሁም። የእናቱን እሹሩሩ ያልሰማ ሕፃን፥ የበገና ድምፅ የራቀው ሽማግሌ፥ ከኋላው የሚመጣውን መኪና ጡሩንባ ሳይሰማ መንገድ የሚሻገር ወጣት፥ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ድምፁ የማያስጠነቅቀው እረኛ፥ የጎደለባቸው ነገር እውነተኛ ጉድለት ነው። ነገር ግን የአንድን ነገር ጉዳት ብቻ ቆጥሮ ጥቅሙን ሳይመረምር የሚፈርድ ሰው፥ የአንደኛውን ባለጉዳይ ቃል ብቻ ተቀብሎ መዝገብ የሚዘጋ ዳኛ ይመስላል።

ይህን ጥያቄ በጎጃም ምድር ሆኖ ማንሣት ልዩ ትርጉም አለው። ጎጃም የጆሮ አገር ነውና። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ደብረ ኤልያስ፥ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ የሄደ ተማሪ የሚያገኘው ትምህርት በብራና ላይ የተጻፈ ብቻ አይደለም፤ ከአፍ የሚወርድ፥ በጆሮ የሚቀዳ፥ በልብ የሚታተም ነው። የቅኔ ተማሪ መምህሩ ሲዘርፍ በጆሮው ይቀበላል፤ ለብቻው ተቀምጦ የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ መምታቱንና ምሥጢሩ መስመሩን በጆሮው መዝኖ ያርመዋል። ዜማም እንደዚሁ ነው። ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ የተሻገረ ድምፅ፥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይቋረጥ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ዓይነ ስውር የሆነ ተማሪ ቦታ ነበረው። የሚያስፈልገው ጆሮና የማስታወስ ኃይል ስለ ነበር፥ ከሚያየው ባልንጀራው እኩል ተምሮ፥ አንዳንድ ጊዜም በልጦ፥ ለመምህርነት የበቃ ብዙ ነው። ዓይኑ ስለማያይ ብቻ አላዋቂ ነው ያለው የለም፤ እንዲያውም በቃሉ የያዘው ትምህርት ብዛት እየተደነቀ «የኔታ» ተብሎ ተከብሯል። ጆሮው የማይሰማው ልጅ ግን ከዚሁ ደጃፍ ተመልሶ ከብት ጠባቂ ወይም ውኃ ቀጂ ሆኖ ቀርቷል። እንግዲህ የሁለቱን ዕድል የለየው ምንድነው? የአእምሯቸው ብርታት አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ በር የተከፈተበት አቅጣጫ ነው። በሩ ወደ ጆሮ ስለ ተከፈተ ዓይነ ስውሩ ገባ፥ ደንቆሮ የተባለው ቀረ። በሩ ወደ ዓይን ብቻ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተገለበጠ ነበር። ይህን የምለው አባቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ እነርሱ በነበራቸው መሣሪያ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። የምለው፥ የሰው ጉድለት ብለን የምንጠራው ነገር ብዙ ጊዜ በእኛ አሠራር ውስጥ ያለ ጉድለት መሆኑን ነው።

በሩ ወደ ዓይን ቢከፈትስ ምን ይገኛል? ከሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው ጥቅም አስተውሎ መመልከት ነው። የአንጎልን ሥራ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፥ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የማይሰሙ ሰዎች በእይታቸው ዳርቻ የሚንቀሳቀሰውን ነገር ከሚሰሙት ሰዎች ይበልጥ ያስተውላሉ። ለመስማት ተመድቦ የነበረውም የአንጎል ክፍል ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ባለቤቱ የራቀበት መሬት ጦም እንዳያድር ጎረቤት እንደሚያርሰው፥ ማየትና መዳሰስ ገብተው ይሠሩበታል። ስለዚህ የማይሰማ ሰው ከአንደበታችን የሚወጣውን ቃል ባያገኘውም፥ ቃሉ ሲወጣ በፊታችን ላይ የሚታየውን ያነባል። አፋችን «ደኅና መጣህ» ሲል ቅንድባችን «ምን አመጣህ» የሚል እንደ ሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ከዚህም ሌላ፥ ከማይሰማ ሰው ጋራ መነጋገር የሚፈልግ ሰው ፊቱን ማዞር አይችልም። መዝገብ እያገላበጠ፥ ስልክ እያነሣ፥ ወደ መስኮት እየተመለከተ «ቀጥል፥ እሰማሃለሁ» ለማለት አይሆንለትም። ዓይን ከዓይን ካልተገናኘ ንግግር የለምና። እኛ የምንሰማው ሰዎች ግን ጆሯችን መዝጊያ ስለሌለው ልባችንን መዝጋት ለምደናል። ባለጉዳዩ ሲናገር ድምፁ ይገባል፤ ችግሩ ግን ከደጅ ይቀራል። መስማት የጆሮ ሥራ ነው፤ ማዳመጥ የልብ ሥራ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። በዚህ ረገድ መስማት የተሳነው ሰው ሳይሰማ የሚያዳምጥ ሲሆን፥ ከእኛ መካከል ሰምቶ የማያዳምጥ ስንቱ ነው?

ለዚህ ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። ጆን ኮርንፎርዝ በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ የተወለደ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። የመስማት ኃይሉ ከልጅነቱ ጀምሮ እየደከመ ሄዶ በወጣትነቱ ፈጽሞ ጠፋ። በዩኒቨርሲቲ የመምህራኑን ንግግር ለመከታተል ስላልቻለ፥ ሌሎች በመምህሩ አንደበት በኩል የሚያገኙትን ትምህርት እርሱ ከመጻሕፍትና ከተመራማሪዎቹ ጽሑፎች በቀጥታ ይቀዳ ነበር። ያላሰበው ጥቅም የመጣው ከዚህ ነው፤ ትምህርቱን ከምንጩ የመቅዳት ልማድ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1975 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይህን ክብር ያገኘው የማይሰማ በመሆኑ ነው ማለት አይቻልም፤ ዳሩ ግን አለመስማቱ ወደ ዕውቀት የሚያደርሰውን መንገድ አልዘጋበትም፤ ሌላ መንገድ አስያዘው።

ሁለተኛው ጥቅም ጸጥታ ነው። በአገራችን ገዳማት አርምሞ የሚባል ታላቅ ተጋድሎ አለ። መነኮሳት ከሰው ተለይተው፥ አንደበታቸውን ገትተው፥ ከዓለም ጫጫታ ርቀው ልቡናቸውን ለመሰብሰብ ወደ ዋሻና ወደ በረሓ ይሄዳሉ። እነርሱ ብዙ መንገድ ተጕዘው የሚፈልጉትን ጸጥታ መስማት የተሳነው ሰው በቤቱ ተቀምጦ ያገኘዋል። በገበያ መካከል ሆኖ አሳቡ አይበታተንም፤ በድምፅ ማጉያ አይታወክም፤ እንቅልፉን ጩኸት አይነጥቀውም። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ቶማስ ኤዲሰን ከልጅነቱ ጀምሮ በደንብ የማይሰማ ነበር። እርሱም ይህ ሁኔታ ከከንቱ ወሬ ጠብቆ አሳቡን በሥራው ላይ እንዲሰበስብ እንደ ረዳው ይናገር ነበር። ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1877 የሠራው ይኸው በደንብ የማይሰማ ሰው መሆኑ ያስገርማል።

አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። ሰው በሌለበት የሚታማውን አይሰማም ማለት ነው። በእውነቱ ግን ጆሮ በሌላ መንገድም ለባለቤቱ ባዳ ይሆናል፤ ሳይጠየቅ ሐሜት ያስገባበታል፥ ጓደኛውን ያስጠረጥረዋል፥ የሰላም እንቅልፍ ይነሣዋል። በመሥሪያ ቤቶችና በመንደሮች የሚነሣው ጠብ ስንቱ ባየነው ሳይሆን በሰማነው ነገር የተነሣ ነው? ይህን የመሰለው መርዝ በጆሮው በኩል የማይገባበት ሰው፥ ስለ ጎረቤቱ የሚፈርደው ባየው ሥራ ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ሁሉ ከሐሜት ንጹሓን ናቸው ማለቴ አይደለም፤ በእጅም ማማት ይቻላልና። ሰው የትም ቢሆን ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያቆመኝ መብት አለው። መነኩሴው ጸጥታን የመረጠው ወዶ ነው፤ የማይሰማው ልጅ ግን ማን ጠየቀው? ሊለኝ ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። መነኩሴው ወደ አርምሞ ከመግባቱ በፊት ቋንቋ ነበረው። ቃላትን፥ ጸሎትን፥ የሰዎችን ታሪክ በልቡ ጭኖ ነው ወደ ዋሻው የገባው። ስለዚህ ጸጥታው ባዶ አይደለም። በጮቄ ተራራ ግርጌ ካለች አንዲት መንደር ሳይሰማ የተወለደ ልጅ ግን፥ የሚያየውን ነገር ሁሉ የሚጠራበት ስም የሚሰጠው ካላገኘ፥ ስለ ነገ የሚያስብበት፥ ስለ ትናንት የሚጠይቅበት፥ «ለምን?» የሚልበት መንገድ ካልተከፈተለት፥ ጸጥታው ገዳም ሳይሆን ወኅኒ ነው። ወላጆቹ ቢወዱትም፥ ቢያበሉትና ቢያለብሱትም፥ ከበሩ ማዶ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ሰው ይቀራል። ጸጥታን ገዳም ወይም ወኅኒ የሚያደርገው እንግዲህ ጆሮ አይደለም፤ ቋንቋ ነው።

ይህም ወደ ሦስተኛውና ከሁሉ ወደሚበልጠው ጥቅም ያደርሰናል፤ እርሱም የምልክት ቋንቋ ነው። በገጠር ቤተሰብ ውስጥ የማይሰማ ልጅ ሲኖር፥ እናትና ልጅ ማንም ሳያስተምራቸው የራሳቸውን ምልክት ያወጣሉ። ሁለት ጣት በግንባር ላይ ሲቆም በሬ ይሆናል፤ እጅ በራስ ዙሪያ ሲዞር ጠምጣም የጠመጠሙት ቄስ ይሆናሉ። ይህ የቋንቋ ዘር ነው። ዘሩ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ብቻ ከቀረ አያፈራም፤ ብዙ የማይሰሙ ሰዎች ባንድነት ሲሰበሰቡ ነው ሙሉ ቋንቋ የሚሆነው። በአገራችን ይህ መሰብሰብ የተጀመረው መስማት ለተሳናቸው ልጆች በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በተከፈቱበት ጊዜ፥ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም በ1963 ዓ.ም. ተቋቋመ። በሆሳዕናና በሌሎች ከተሞችም ትምህርት ቤቶች ተጨመሩ። ከውጭ የመጡት ምልክቶች ከአገር ውስጥ ከበቀሉት ጋራ ተዋሕደው ዛሬ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የሚባለው ተገኘ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2008 በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ።

የዚህን ቋንቋ ብልኀት ለማየት የጣት ፊደሉን መመልከት ይበቃል። የፊደል ገበታችን በእጅ ተቀርጿል። ለያንዳንዱ ፊደል ከነዘሮቹ አንድ የእጅ ቅርጽ ተመድቦለታል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ የዚህን ሥራ ውበት ይረዳዋል። የምልክት ቋንቋ ግን የአማርኛ ጥላ ብቻ አይደለም፤ የራሱ ሰዋስው አለው። እጅ አንዱን ነገር ሲናገር ቅንድብ ጥያቄ መሆኑን ያመለክታል፤ የእጁ ፍጥነት የሥራውን ሁኔታ ይገልጻል፤ ቦታው ማን ለማን እንዳደረገው ይናገራል። ብዙ ነገር በአንድ ቅጽበት ይነገራል። ሰምና ወርቅን በአንድ ቃል ማዋሐድ የሚያስደስተው የጎጃም ሰው ይህን ቋንቋ ለማድነቅ ከሁሉ የቀረበ መሆን ነበረበት።

ከዚህም ሌላ ቋንቋው በዕለት ኑሮ የሚሰጠው ጥቅም አለ። በወፍጮ ቤት ሞተሩ ሲጮህ እኛ በጆሮ ተጠጋግተን እየጮህን እንኳ አንግባባም፤ በምልክት የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች ግን ጨዋታቸውን አያቋርጡም። ከወንዝ ማዶ ለማዶ፥ ከመስታወት ኋላ፥ ሕመምተኛ በተኛበት ክፍል፥ ማንንም ሳይረብሹ ይነጋገራሉ። የሁለት አገር ሰዎች ሲገናኙም፥ የሚሰሙት አስተርጓሚ ሲፈልጉ፥ የማይሰሙት ግን ቋንቋቸው የተለያየ ቢሆንም በእጅና በፊት ምልክት ቶሎ መግባባት ይጀምራሉ።

ይህ መቀራረብ ምን ያህል ፍሬ እንዳፈራ የአንድሩ ፎስተር ታሪክ ይመሰክራል። ፎስተር በአሜሪካ በአላባማ ግዛት የተወለደ ጥቁር ሰው ሲሆን፥ በ11 ዓመቱ በማጅራት ገትር በሽታ መስማት ተሳነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በዋሺንግቶን ከሚገኘው ከጋሎዴት ኮሌጅ በመመረቅ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ሆነ። በ1957 ወደ ጋና መጥቶ መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1987 በሩዋንዳ በአውሮፕላን አደጋ እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስም በብዙ የአፍሪካ አገሮች ከ30 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች እንዲቋቋሙ አድርጓል። ሰሚዎች «እነዚህ ልጆች አይማሩም» ብለው በተውአቸው ስፍራ፥ እንደ እነርሱ የማይሰማ ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አስተማራቸው። ጉድለት የተባለው ነገር የወንድማማችነት ማሰሪያ ሆነ።

ይሁን እንጂ የዓለም ሊቃውንት ይህን ቋንቋ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1880 በኢጣልያ በሚላኖ ከተማ የተሰበሰቡ መምህራን፥ የማይሰሙ ልጆች በአፍ መናገርን ብቻ እንዲማሩና የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ወሰኑ። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ከድምፅ ሰጪዎቹ መካከል የነበሩት እጅግ ጥቂት ነበሩ። በዚህ ውሳኔ የተነሣ በብዙ አገሮች ልጆች በእጃቸው ስለ ተናገሩ ተቀጡ። በ1960 ዊልያም ስቶኪ የተባለ አሜሪካዊ መምህር የምልክት ቋንቋ እውነተኛ ቋንቋ መሆኑን በጽሑፍ አስረዳ፤ የሚላኖውን ውሳኔ የወረሰው ጉባኤ ግን በውሳኔው መጸጸቱን የገለጸው በ2010 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ ነው። ያለ ባለጉዳዩ የተፈረደውን ፍርድ ለማረም 130 ዓመት አስፈለገ። ለባለሥልጣን ሁሉ የሚሆን ትምህርት ነው።

ከላይ የዘረዘርናቸው ጥቅሞች በኅብረተሰብ ውስጥ ተፈጽመው የታዩበት ስፍራ አለን? ቢባል፥ አዎን አለ። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ጠረፍ ማርታስ ቪንያርድ የምትባል ደሴት አለች። በዚያ በዘር በሚወረስ ምክንያት ሳይሰሙ የሚወለዱ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ቺልማርክ በምትባለው መንደር በ19ኛው መቶ ዓመት ከ25 ሰዎች አንዱ የማይሰማ ነበር። ስለዚህ የመንደሩ ሰው ሁሉ፥ የሚሰማውም የማይሰማውም፥ የምልክት ቋንቋ ይናገር ነበር። ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ ወደ ጀልባ በእጅ ይነጋገሩ ነበር፤ የሚሰሙት ሰዎች የማይሰማ ሰው በሌለበት እንኳ በምልክት ይቀልዱ ነበር። የማይሰሙት አገቡ፥ ወለዱ፥ ነገዱ፥ በመንደሩ ስብሰባ ድምፅ ሰጡ። በኋላ ሽማግሌዎቹ ስለ እነርሱ ሲጠየቁ፥ የትኛው ይሰማ የትኛው አይሰማ እንደ ነበር ለማስታወስ ይቸገሩ ነበር። በዚያች ደሴት ጆሮ አልተፈወሰም፤ ጎረቤት ነው የተማረው። ሁለቱን ብናነጻጽር ደሴቲቱና የእኛ መንደር የሚለያዩት የማይሰሙ ሰዎች በመኖራቸው ሳይሆን የሚሰሙት በሠሩት ሥራ ነው።

አሁን ሁለት ተቃውሞዎችን ልመልስ። አንዱ፥ አለመስማት በጎ ገጽ ካለው በሽታውን መከላከል ለምን ያስፈልጋል? የሚል ነው። ማጅራት ገትር ሕፃናትን ይገድላል፥ የተረፉትንም አንዳንዶቹን ያለ ጆሮ ያስቀራል፤ አገራችንም ይህ በሽታ በሚበረታበት የአፍሪካ መቀነት ውስጥ ትገኛለች። በጊዜው ያልታከመ የጆሮ ምግልም እንዲሁ ያደነቁራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት መካከል 60 በመቶ የሚያህለው ሊከላከሉት የሚቻል ነው። ስለዚህ ክትባቱ ይሰጥ፥ ሕክምናውም ይስፋፋ። በሽታን መዋጋትና ሰውን ማክበር አይጣሉም። ድርቅን የሚዋጋ መንግሥት ድርቅ ያፈናቀላቸውን ሰዎች አይንቅም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያስፈራል። ይኸውም፥ «የማይሰሙ ሰዎች የራሳቸው ጸጋ አላቸው» የሚለው አነጋገር ለሰነፍ ሹም ምክንያት እንዳይሆን ነው። ጸጋ ካላቸው ትምህርት ቤት ለምን? አስተርጓሚ ለምን? እንዲል። መልሱ አጭር ነው። ከላይ የቆጠርናቸው በጎ ነገሮች ሁሉ፥ ንቁው ዓይን፥ የተሰበሰበው ልብ፥ ሕያው የሆነው የእጅ ቋንቋ፥ እኛ ለእነርሱ የሰጠናቸው አይደሉም፤ በዕዳ ማቻቻያ ልናስባቸውም አንችልም። የእኛ ዕዳ በሩን መክፈት ነው፤ እርሱም ገና አልተከፈለም። ያለ ቋንቋ አንዱም ጥቅም እንደማይገኝ አይተናልና፥ ጸጋውን ያመነ ሰው ትምህርት ቤቱን ለመክፈት ይበልጥ ይቸኩላል እንጂ አይዘገይም።

ነገሩን ወደ መሥሪያ ቤታችን መስኮት እናምጣው። መስማት የተሳነው አንድ ባለጉዳይ ስለ ርስቱ ወይም ስለ ግብሩ ሊጠይቅ ከወንድሙ ጋራ ይመጣል እንበል። ጸሓፊው የሚያነጋግረው ማንን ነው? ወንድሙን ነው። ወንድሙ በቅንነት ያስረዳለት ይሆናል፤ ደግሞም መሬቱን የሚፈልገው እርሱ ራሱ ይሆን ይሆናል። ባለጉዳዩ በራሱ ጉዳይ ላይ ተመልካች ሆኖ ቆሞ፥ ጣቱን ነክሮ በማያውቀው ቃል ላይ ያትማል። ይህን ያህል ነገር የሚያድነው አንድ ምልክት የሚያውቅ ጸሓፊ ነው። ሕጉ አለ፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568 በ2000 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የምልክት ቋንቋን የሚያውቀውንም የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የጐደለው ሕጉን በመስኮቱ ላይ የሚያስቀምጥ እጅ ነው። መምህራንም በክፍላቸው ዳር ዝም ብሎ የተቀመጠውን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታቸው በፊት ይሰማ እንደ ሆነ ይመርምሩ፤ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሳይሆን ወደ ልጆቹ ዞረው ይናገሩ። ተማሪዎችም የጣት ፊደልን ይማሩ፤ ፊደልን በልጅነቱ የቆጠረ ሰው በእጁ ለመቍጠር አይከብደውም።

ከዚህ ሁሉ ጋራ ቃላችንን እናርም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 የማይሰማን ሰው መሳደብ ይከለክላል። ይህን ያነበበ ሰው፥ የማይሰማው ሰው ስድቡን ካልሰማ ምን ይጎዳዋል? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። ስድቡን የሚሰማው ተሰዳቢው ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡም በሰማው ቃል ይለመድና ሰውየውን በዚያው ቃል ይመዝነዋል። የማይሰማውን ሰው «መስማት የተሳነው» ብሎ መጥራት ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ጆሮን ከአእምሮ ለይቶ መፍረድ ነው። አላዋቂነትን ለመንቀፍ ስንፈልግም «አላዋቂነት» የሚል ቃል አለን፤ ከሰው ጆሮ መበደር አያስፈልገንም።

በቀድሞ ዘመን አዋጅ ነጋሪ ነጋሪት አስጎስሞ «ያልሰማህ ስማ፥ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። በአደባባዩ የቆመው የማይሰማ ሰው ነጋሪቱ ሲመታ አይቷል፤ የሕዝቡን ፊት አንብቧል፤ ትልቅ ነገር መታወጁንም ተረድቷል። ምን እንደ ታወጀ ግን የነገረው አልነበረም። አዋጁ በግልጽ ያዘዘው ግዴታ የሰሚው ነበርና፥ ትእዛዙን ያላደረሰው ሰሚው ነው። እንግዲህ ደንቆሮ ማነው? ድምፁ ያልደረሰው ነው ወይስ ደርሶት ለጎረቤቱ ያላደረሰው? ለዚህ መልስ የምንሰጠው በምንጽፈው ቃል ሳይሆን በምናነሣው እጅ ነው።